ግድግዳው ላይ የሚሄዱት ልጆች

ባለፈው ሳምንት ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ፣ የደም ምርመራ ውጤቴ እስኪደርስ ብዬ ከአንዲት ካፌ ገብቼ ብቀመጥ፣ አንድ ጎረምሳ መሰላል ላይ ወጥቶ የኋለኛውን ግድግዳ ሲቀባ አገኘሁት። መጀመሪያ የያዘኝ ሽታው ነው፤ አፍንጫን አልፎ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጠው የዘይት ቀለምና የአኳራጅ ሽታ። ቀና ብል ልጁ የሚሥለው መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙን ዛፍ የተተከለበት፣ ከእግራችን ሥር ሰፍቶ ተነሥቶ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ከተራራ ሥር የሚጠፋ መንገድ። ሁለት የነርስነት ተማሪዎች ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አልጠበቁም፤ አንደኛዋ እግሯን አንሥታ ወደ ግድግዳው ውስጥ የምትራመድ መስላ ስትቆም ሌላዋ በስልኳ ታነሣታለች። አስተናጋጇ ዓይኔን አይታ ኖሮ "አያምርም እማማ?" አለችኝ። ያምራል አልኳትና ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። እንዲህ ያለ መንገድ ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚዘረጋ እኔ ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ለአንድ ሰውም አስተምሬያለሁ። ያ ሰው አንድ ልጁን ያጣው በእኔ ምክንያት ነው።

ቤታችን ጉለሌ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ቀጨኔ በሚወጣው ኮረኮንች ላይ ነበር፤ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት የሚተዳደርበት ግቢ። እኔና እናቴ ከበሩ በስተቀኝ፣ ጋሽ ይርዳውና ልጃቸው ሙሉጌታ ደግሞ ከእኛ በአንድ ጭቃ ግድግዳ ብቻ ተለይተው ይኖሩ ነበር፤ ግድግዳው ስስ ስለነበረ ጋሽ ይርዳው ባስነጠሱ ቁጥር እናቴ ከወዲህ ማዶ ሆና "ይማርዎ!" ትላቸዋለች። ጋሽ ይርዳው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ሙያውን ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከአያታቸው የወረሱት። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን ሥዕል የሚያሥል ምእመን እየጠፋ ሄደና ቀበሌው መፈክር ጸሐፊ አደረጋቸው። የመፈክሩን የመጀመሪያ መስመር ልክ እንደ ዳዊት በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር ይጽፉታል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ቀዩን የአብዮት ቀይ መስሎት ደስ ይለው ነበር።

ሙሉጌታ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ውጤቱን የሚጠብቅ፣ ረጅም፣ ጆሮዎቹ እንደ ድስት እጀታ ወደ ውጭ የወጡ ልጅ ነበር። እናቱ በሕፃንነቱ ነው የሞተችው። ኮንጎ ጫማዬ በተበጠሰ ቁጥር ቢላዋ በከሰል አግሎ እያቀለጠ የሚለጥፍልኝ እሱ ነው፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ግቢውን ሲሞላው እትዬ በላይነሽ ከጓሮ ቤቷ ብቅ ብላ "ዛሬ ደግሞ የማንን እግር ጠበስከው?" ትለዋለች። እትዬ በላይነሽ ቀልደኛ ነበረች፤ የእሷ ልጅ ግርማ በቀደመው ዙር ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ከዓመት በላይ ሲሆነው የደረሳት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር። እየቀለደችም ታለቅስ ነበር፤ እያለቀሰችም ትቀልዳለች።

በዚያ ክረምት ሊቀመንበሩ ጋሽ ይርዳውን አስጠራቸው። ለአብዮቱ በዓል የቀበሌው አዳራሽ የጎን ግድግዳ ይሣልበት ተብሏል፤ የኅብረት ሱቁ የስኳርና የሳሙና ሰልፍ የሚቆምበት፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያየው ግድግዳ። ሊቀመንበሩ ከሩቅ የሶሻሊስት አገሮች የመጣ ፖስተር አይቶ ነበርና ሰው እንደ ባሕር የሚጥለቀለቅበት ሥዕል አማረው።

"ሕዝቡ ሲተም ይታይ" አላቸው፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነው ሰው አንተ እያለ። "ከዚህ ጀምሮ እስከ እንጦጦ ሰው! የቆመ ሳይሆን የሚሄድ ሰው!"

"ግድግዳዋ እኮ አሥር ክንድ ናት፣ ጌታዬ።"

"ጌታዬ የሚባል ቀርቷል፤ ጓድ በል።"

"እሺ ጌታዬ።"

ይህን ሙሉጌታ በአባቱ ድምፅ እያስመሰለ ሲያወራልን ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ይርዳው ግን አልሳቁም፤ ሊቀመንበሩ ሲሸኛቸው የተናገረውን ለልጃቸው አልነገሩትም ነበር። ለእናቴ ነው የነገሯት፣ እኔ በስሱ ግድግዳ በኩል ሰማሁት። "ከበላያችን ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የሚመጡት ጓዶች ሥዕሉን ከወደዱት ልጅህ በዚህ የውትድርና ዙር አይነካም፤ ካልወደዱት ግን ስሙ ዝርዝሩ ላይ ሦስተኛ ነው" ብሏቸዋል። ስለዚህ ነገሩ የሚያስቅ እንዳልሆነ ከሙሉጌታ ቀድሜ አውቄአለሁ፤ አላወቅሁም ነበር ብዬ የምሸሸግበት ጥግ የለኝም።

መጀመሪያ የሣሉት ሰልፍ በሦስት ረድፍ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደረጉ ወዛደሮች ነበር። ከራሳቸው ዙሪያ የብርሃኑ ክብ ብቻ ነው የጎደለው። ሊቀመንበሩ አይቶት "ይሄ ሰልፍ ነው ወይስ ቅዳሴ?" አለና በኖራ አስጠፋው። ጋሽ ይርዳው በዚያ ቀን ከቧንቧው አጠገብ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብሩሻቸውን ሲያጥቡ፣ ሲያጥቡ ዋሉ። ብሩሹ ከጠራ ቆይቷል።

እኔ ደግሞ ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ የሥዕል አስተማሪያችን ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ዳር አሰልፎ ያሳየንን ተአምር የምነግረው ሰው አጥቼ ነበር። አስተማሪያችን አንድ ዓይናችንን አስጨፍኖ፣ እርሳስ በተዘረጋ እጃችን አስይዞ የመብራት ምሰሶዎቹን አስለክቶን ነበር፤ የቅርቡ ምሰሶ የእርሳሴን ሙሉ ቁመት ሲያክል የመጨረሻው ከጥፍሬ አነሰ። የመንገዱ ሁለት ጠርዞች ሩቅ ሄደው አንዲት ነጥብ ላይ እንደሚጋጠሙም በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳየን። ይህንን ሁሉ ለጋሽ ይርዳው ድንጋዩ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ በዱላ መሬት ላይ እየጫርሁ አስተማርኋቸው። እኔ በትዕቢት ነበር የማስተምረው፣ እሳቸው ግን ከልባቸው ይሰሙኝ ነበር።

"ሰው ስለራቀ ያንሳል ነው የምትይኝ?"

"አያንስም ጋሼ፤ ያነሰ ይመስላል እንጂ።"

"ለማን?"

"ለሚያየው።"

"እኛ እኮ ለሚያየው ብለን አንሥልም ነበር" አሉ። "ትልቅ አድርገን የምንሥለው ክቡሩን ነው፤ ይቅረብም ይራቅም።" እርሳሱን ሰጥቻቸው አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ ስላቸው ግን ሳቁ። "በአንድ ዓይኑ የሚያይማ ማን እንደሆነ እኛ እናውቃለን" አሉኝ።

ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ይርዳው ባደጉበት የሥዕል ሥርዓት ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ከጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ሁሉ፣ ፊደል ያልቆጠረው ጭምር፣ ይህንን እንደ ስሙ ያውቀዋል። የእኛ ሰፈር ሴቶችም ያውቁታል። ሊቀመንበሩ ግን ወይ ቤተ ክርስቲያን በልጅነቱ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የቆመው፣ ወይ አብዮቱ ሲመጣ አብሮ ረስቶታል።

በማግስቱ ጋሽ ይርዳው ግድግዳው ላይ ከቀኝ በኩል አንዲት ሚስማር መቱ፤ ሚስማሯ ላይ ሲባጎ አሰሩና ሲባጎውን እየወጠሩ፣ በከሰል እያሹ፣ ግድግዳውን ሙሉ ወደዚያች ነጥብ የሚሮጥ መስመር አደረጉት። በሁለተኛው ቀን ከእኔ በልጠው ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን የእኔ አስተማሪ ራሱ ቢመጣ አጠገባቸው ብሩሽ ያጥብ ነበር። ከሚስማሯ እንደ ጉንዳን የጀመረ ሕዝብ እየሰፋ፣ እየገዘፈ መጥቶ ከፊት ለፊታችን ያልፋል፤ ተረከዙ ከመሬት ተነሥቷል፣ የነጠላው ጫፍ ወደ ኋላ ይበራል፣ ከእግሩ ሥር ቀይ አቧራ ይነሣል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ አንዲት ሴት ሰልፉ እስኪያልፍ ብላ ሸክሟን እንዳዘለች ቆመች ተብሎ ሰፈሩ ሙሉ ሳቀ። እኔም አጠገቧ ነበርሁ ብዬ ማልሁ፤ አልነበርሁም።

እግሩ እንዲህ እየሄደ ፊቱ ግን ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል። ጋሽ ይርዳው ሕዝቡን በአንድ ዓይን መሣል አልሆነላቸውም፤ "ስንቱን ክርስቲያን ይሁዳ ላድርገው?" አሉ። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው ወደ ፊት እየተራመደ አንገቱን አዙሮ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ያየናል። ከፊት እጁን ዘርግቶ የሚመራው ሊቀመንበሩ ራሱ ነው፤ ልሣል ያለውም እሱ ነው። ጋሽ ይርዳው የእሱንም ፊት ወደ ተመልካቹ ሊያዞሩ ሦስት ጊዜ ለመኑት። "ወደ ፊት የሚያይ መሪ ነው የምፈልገው፣ መንገደኛ የሚያይ አይደለም!" ብሎ ጮኸባቸው። እንግዲህ እሱን ብቻ ከጎኑ፣ በአንድ ዓይን ሣሉት።

ለሳሙና የተሰለፉት ሴቶች ያንን ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱት። እትዬ በላይነሽ "እሰይ! እንዲህ ነው ሥዕል፣ ሰውየውን ቁርጥ አርጎታል!" አለች ጮክ ብላ፤ ሊቀመንበሩም ምስጋናውን ለመቀበል ከሥዕሉ አጠገብ በጎኑ ቆመላቸው። በዚያ ሳምንት የኅብረት ሱቁ ካርድ የሌለውም ሰው ሰልፍ ወጣ። ሴቶቹ እየመጡ ያያሉ፣ ሳቃቸውን አፍነው ይሄዳሉ። ያ ግድግዳ ለሰፈራችን ስኳርም ሳሙናም ሆኖ ነበር።

እኔ ግን እያረርሁ ነበር። ሰው ሁሉ ጋሽ ይርዳውን "ይሄን ርቀት እንዴት አወቁት?" ሲላቸው "እግዜር ገለጠልኝ" ይላሉ። የሸሸጉኝ በክፋት አልነበረም፤ ባደጉበት ሙያ የሥራ ምስጋና ለሰው አይሰጥም ነበር፣ ለራሳቸውም አይወስዱትም ነበር። ይህንን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን የገለጥኩላቸው እኔ ጽጌ ነኝ፣ ስሜም ከእግዜር ጋር አይመሳሰልም። እናቴ ስነጫነጭ ሰምታኝ "ምስጋና ርቦሽ አታውቂም ነበር፣ ዛሬ ምን ነካሽ?" አለችኝ። ርቦኝ እንደኖረ ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው።

ከከፍተኛው ሁለት ጓዶች መጡ። አለቃው መነጽር ያደረገ፣ ለስላሳ፣ መጽሐፍ የሚወድ የሚመስል ሰው ነበር። ከግድግዳው ፊት ቆሞ ቀረብ አለ፣ ራቅ አለ፣ ደግሞ ቀረብ አለ፤ እጁን ወደ ሚስማሯ ዘርግቶ ግድግዳው እጁን ሲያቆመው ፈገግ አለ። ሊቀመንበሩ እፎይ አለ። ጋሽ ይርዳው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሙሉጌታ ደግሞ ከአዳራሹ በር ላይ ቆሞ ነበር። "ይህንን ርቀት የት ተማሩት፣ አባባ?" አላቸው ሰውየው።

"እግዜር ገለጠልኝ፣ ጌታዬ።"

ሰውየው ሳቀ። እኔ ግን ከልጆቹ መካከል ተስፈንጥሬ "እኔ ነኝ ያሳየኋቸው!" አልሁ። ሰውየው ደስ አለው፤ ጎንበስ ብሎ አስረጂኝ አለኝ። ስለ እርሳሱ፣ ስለ ምሰሶዎቹ፣ ስለ ሲባጎው አንድ ሳላስቀር አስረዳሁት። "ጎበዝ!" አለኝና ራሴን ዳበሰኝ። እዚያ ላይ ማብቃት ይቻል ነበር። "እስቲ ጎበዟ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ወደ እኛ ሲያይ ጓድ ሊቀመንበር ብቻ ለምን ወደዚያ አዩ?" አለኝ።

መሪ ስለሆኑ ወደ ፊት ያያሉ ብል ያልቅ ነበር። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ቢሆንም ሞኝ አልነበርሁም። ጋሽ ይርዳው ያዩኛል፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን ይዘው ያዩኛል። ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ሆኖ አያውቅም ነበር። "ጻድቅ ሰው በሁለት ዓይን ነው የሚሣለው" አልሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው።"

ከሰልፉ መካከል አንዲት ሴት ሳታስበው ፈነዳች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ ሳምንት ሙሉ የታፈነ ሳቅ። ከዚያ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው መለሱ። መነጽራሙ ሰው አልተቆጣም፤ ከኪሱ ደብተር አውጥቶ አንድ መስመር ጻፈና ሄደ። ሊቀመንበሩም አልጮኸም። ጋሽ ይርዳው ኮፍያቸውን ራሳቸው ላይ አደረጉ፣ መልሰው አወለቁት። ወደ እኔ አልተመለከቱም።

ሙሉጌታን በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ወሰዱት። ያለችውን አንዲት ሸሚዝ አጥቦ ገመድ ላይ ሊያሰጣት ሲል ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ገቡ፤ ትድረቅልኝ ቢላቸው እምቢ አሉትና እርጥቧን ለብሷት ወጣ፣ ውኃው በሱሪው ላይ እየተንጠባጠበ። በእኔ በር ሲያልፍ ጫማዬን አየና "ጠጋግኜልሽ ልሄድ ነበር፣ በቃ ተይው" አለኝ። ምን እንዳደረግሁ ያውቃል፤ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ሰምቶኛል። ጋሽ ይርዳው የልጃቸውን ሹራብ ይዘው እስከ ዋናው መንገድ ሮጡ፤ ሲደርሱ መኪናው ተነሥቷል፣ ከኋላው የተጫኑት ልጆች ፊታቸውን ወደ መኪናው የፊት አቅጣጫ አዙረው እንዲቀመጡ ታዝዘው ኖሮ ያዩት ጀርባቸውን ብቻ ነው። ሹራቡን ይዘው ተመለሱ። እናቴ በዚያ ቀን አልመታችኝም፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥዕሉ በዓሉ ሳይደርስ ይስተካከል ተባለ። ሕዝቡ ወደ ኋላ አይይ፣ ወደ ተመልካችም አይይ፣ ወደ ፊት ብቻ ይይ፤ የሊቀመንበሩም ምስል ይውጣ። ጋሽ ይርዳው ግድግዳውን በሸራ ጋርደው ሁለት ሳምንት ብቻቸውን ሠሩ። ዝናብ ሲመጣ ሸራው ሥር ይቀመጣሉ፣ ሲያባራ የብሩሹ ድምፅ ይሰማል። እናቴ ምሳ አስይዛ ትልከኝ ነበር፤ ሰሐኑን ከሸራው ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ሰሐኑ ሁልጊዜ ሳይነካ ነው የሚመለሰው። ሌላ ሰው ስትልክ ግን ባዶውን ይመለሳል።

ሸራው የተነሣ ጊዜ የግድግዳው ሕዝብ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር። ጋሽ ይርዳው መውጫ አግኝተዋል፤ ፊት ከሌለ አንድ ዓይን ይሁን ሁለት የሚጠይቅ የለም። ሕዝቡ ከእኛ ተነሥቶ፣ እያነሰ፣ እያነሰ ወደዚያች ሚስማር ይሄዳል፤ ከዚህ በፊት የነበረው ሥዕል ሰው የሚያልፍ አስመስሎ ነበር፣ ይሄኛው ግን እያየኸው የሚሄድ፣ እየጠራኸው የማይዞር ሰው ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥዕል አይቻለሁ፤ እንደዚያ የሚንቀሳቀስ አላየሁም።

ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ወደ ግድግዳው ቀረቡ። ከዚያ እትዬ በላይነሽ ስኳሯን የያዘችበትን ከረጢት ለቀቀችው። "ግርማ" አለች። "ይሄ እኮ የግርማ ማጅራት ነው!" እውነትም ነበር። ጋሽ ይርዳው የሰፈሩን የተወሰዱ ልጆች አንድ በአንድ፣ በአንገታቸው፣ በትከሻቸው፣ በአረማመዳቸው ሥለዋቸዋል። ለእኛ በቀረበው ረድፍ መካከል ጆሮዎቹ የወጡ ረጅም ልጅ አለ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። እናቶቹ ከታች ሰፈርም መጡ። እያንዳንዷ የራሷን አገኘች፤ እያንዳንዷም ጀርባውን በመዳፏ ዳበሰች።

ከሁሉ በቅርብ፣ ከሁሉ ትልቅ ሆና፣ በግራ ጠርዝ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ቆማለች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጀርባዋን ያልሰጠች እሷ ብቻ ናት። ከጎኗ ነው የተሣለችው፤ በአንድ ዓይን፣ አፏን ከፈት አድርጋ፣ ለሆነ ሰው የሆነ ነገር ልትናገር ስትል። ሹሩባዋ የኔ ነው። የተበጠሰው ጫማዋም የኔ ነው።

መነጽራሙ ሰው ለበዓሉ መጥቶ በሥዕሉ እጅግ ተደሰተ፤ ልጅቷን ሲያይ "አዲሱ ትውልድ!" አለና እኔን ከሥዕሌ አጠገብ አቁሞ አስጨበጨበልኝ። ሴቶቹም አጨበጨቡ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሡ። እናቴ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ከግድግዳው ፊት ብዙ ቆመች። "አፍሽን እንኳ አስመስለውታል" አለች በመጨረሻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኳር ስትሰለፍ ከግድግዳው ማዶ ጥግ ቆማ ተራዋን በሰው ታስይዝ ነበር።

በዚያ ግድግዳ ፊት ስንት ዓመት ትምህርት ቤት ተመላለስሁ! በዝናብ ዣንጥላዬን፣ በፀሐይ ደብተሬን በዚያ በኩል እጋርዳለሁ። ልጆች "አንድ ዓይና" ሲሉኝ የሚቆጣቸው አዋቂ አልነበረም። ጋሽ ይርዳው ሰላምታ ነፍገውኝ አያውቁም፤ "እንደምን አደርሽ" ሲሉኝ ፊታቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ አዙረው በሁለት ዓይናቸው ያዩኝ ነበር። ሙሉጌታ አልተመለሰም። ደብዳቤም አልጻፈም። እኔም ጋሼ ይቅር ይበሉኝ ለማለት በየዓመቱ ቆርጬ እነሣለሁ፣ በየዓመቱም ለፋሲካ ይሁን፣ ለዘመን መለወጫ ይሁን እያልሁ አሳድረዋለሁ። ፈርቼ አይደለም፤ ጠልቻቸው ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ እኔ የታይፕ ትምህርት ጨርሼ ሥራ የምፈልግ ወጣት ነበርሁ። አዲሶቹ የቀበሌ ሰዎች የደርግ መፈክርና ሥዕል ሁሉ በኖራ ይጥፋ አሉ። እናቶቹ ተደናገጡ፤ መፈክሩ ይጥፋ፣ ልጆቻችን ግን ይቆዩልን ብለው ማመልከቻ ሊያስገቡ ፈለጉና በጥሩ ቃል የሚጽፍላቸው ሰው አጡ። ወደ እኔ መጡ። እትዬ በላይነሽ ቤታችን መደብ ላይ ተቀምጣ እየነገረችኝ ጻፍሁ። "የግርማ ፎቶ እንኳ የለኝም በይልኝ" አለችኝ፤ ጻፍሁላት። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ካስፈለገም ያንቺን ብቻ ቀብተው የልጆቹን ይተዉልን ብለሽ ጨምሪበት" አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ለእኔም አስባ ነው። እሱንም ጻፍሁት። ስድስት እናቶች አውራ ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ ፈረሙበት።

ወረቀቱን ይዤ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄድሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ ጸሐፊዋ ቀና ብላ "ምን ነበር እህቴ?" አለችኝ። የእኔ ብቻ ቢቀባ ከልጆቹ ፊት አንድ ነጭ ቦታ ይቀራል፤ እዚህ ማን ነበረች ለሚል ሁሉ ታሪኩ እንደ አዲስ ይነገራል። ሁሉም ይቆይ ቢባል ደግሞ እኔም እቆያለሁ። "የመታወቂያ ነገር ልጠይቅ ነበር፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ" አልኋትና ወጣሁ። ለእናቶቹ ተቀብለውኛል፣ እናያለን ብለዋል አልኋቸው።

በዚያው ሳምንት ሁለት ሰዎች በርሜል ኖራ ይዘው መጡና እስከ ምሳ ሰዓት ጨረሱት። እናቶቹ አልጮኹም፤ ለምነው እንደተከለከሉ ነበር የሚያውቁት። "እነዚህም ያው ናቸው" አለች እትዬ በላይነሽ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ትከሻዬን ያዘች። "አንቺ እንኳ ደክመሽልን ነበር፤ እግዜር ይስጥሽ።" ጋሽ ይርዳው ዓይናቸው ከደከመ ቆይቶ ነበር፤ ከቧንቧው አጠገብ እንደተቀመጡ ወረቀቱን ማን ነበር ያደረሰው ብለው ጠየቁ። ጽጌ ናት ሲሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ከፀሐዩ ወደ ቤት አስገቡኝ አሉ። በዓመቱ ሞቱ።

እትዬ በላይነሽ ግን ብዙ ዓመት ኖረች። ስኳርና ሳሙና በየሱቁ እንደ ልብ መሸጥ ሲጀምርም ጠዋት ጠዋት እየወጣች ከነጩ ግድግዳ ፊት ትቆም ነበር፤ እርጅናው ሲጫናት ደግሞ ግርማ ራሱ እየደበዘዘባት ሄደ። እኔን ሰፈሩ ምንም አትረሳም ይለኝ ነበርና ትጠይቀኝ ጀመር። "ጽጌዬ፣ ማጅራቱ ላይ ያለችው የብጉንጅ ጠባሳ በየት በኩል ነበረች? በግራ ናት በቀኝ?" ትለኛለች። በግራ ናት እላታለሁ፤ እሷም በግራ፣ በግራ እያለች ወደ ቤቷ ትገባለች። በግራ ትሁን በቀኝ አላውቅም። ያ ግድግዳ ያን ያህል ዓመት ፊቴ ቆሞ፣ ከራሴ በቀር ማንንም አላየሁበትም።